ሹመት ሀኪም ይነጥቃል ወይ?

ባለፈው ክረምት ነው፣ ደሴ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠናል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል አንዷ ጎረቤት ከዝናብ ነጠላዋን እያራገፈች ገባችና "ሰማችሁ? የልጆቹ የሳንባ ሀኪም ተሾመች አሉ፣ የሀኪሞቹን ትምህርት ቤት እሷ ልትመራው ነው" አለች። እኔ ደስ ብሎኝ ቀና አልኩ። ቤቱ ግን ጭጭ አለ። አክስቴ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ መልሳ "በቃ፣ ወንበር ወሰዳት፣ እንግዲህ የልጆቻችን ነገር..." ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። እልል ያለ የለም፣ እንኳን ደስ ያላት ያለ የለም፣ አንዷ እንደውም "አላህ ሌላ ይተካልን" ብላ ዱዓ አደረገች።

ይሄ ነገር ለሳምንታት አልለቀቀኝም። አክስቴ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ቅናትም አይደለም። እሷ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። በኛ ሀገር ጎበዝ አስተማሪ ርዕሰ መምህር ይሆንና ከዛ በኋላ ጠመኔ አይነካም፣ ጎበዝ ነርስ ኃላፊ ትሆንና ከዛ በኋላ የምትገኘው ስብሰባ ላይ ነው፣ "ኃላፊዋ ወርክሾፕ ናቸው" ይባላል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ራሱ ሹመት ለምን እንደሆነ ገና ድሮ ወስኖ የጨረሰ ነው። ታዲያ ልጇን ተሸክማ ከወረባቦ ወይ ከኩታበር የመጣች እናት ያቺን ሀኪም ክፍሏ ውስጥ ካላገኘቻት ሹመቱ ምኗ ነው?

እኔ የማስተምረው ባዮሎጂ ነው፣ ሀኪም አይደለሁም። ግን በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም የእህቴ ልጅ ዛሬ ሮጦ በር የሚዘጋ ልጅ የሆነው አንዲት የህፃናት ሳንባ አዋቂ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በሌላ ሀገር፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ በሰራችው ስራም ጭምር ነው። ይሄን ለአክስቴ በአንድ ሲኒ ቡና ማስረዳት ከባድ ነው፣ ስለዚ እዚህ ልጻፈው።

ያቺ ሌሊት

እህቴ ኮምቦልቻ ነበረች፣ ሰባተኛ ወሯ ላይ። ማታ የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰና በአምቡላንስ የደሴን ዳገት ይዘናት ወጣን። እንደደረሰች አዋላጅዋ ጭኗ ላይ መርፌ ወጋቻት። አማቷ ተቆጡ፣ "እሷን ምን አመማትና ነው መርፌ የምትወጓት?" አሉ። አዋላጇ ስሪንጁን እያስቀመጠች "ለሷ አይደለም እማማ፣ ለልጁ ሳንባ ነው" አለቻቸው። ገና ያልተወለደ፣ ገና አንዴ እንኳን ያልተነፈሰ ልጅ። መርፌው ዴክሳሜታሶን ይባላል፣ 6 ሚሊግራም፣ በየ12 ሰዓቱ፣ እስከ 4 ጊዜ። አራተኛውን ከወሰደች በኋላ ነው ልጁ የመጣው።

ሲወለድ አለቀሰ፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ማቃሰት ጀመረ። የጎድን አጥንቶቹ መሀል ያለው ቆዳ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሞቅ ያለው የጨቅላ ህፃናት ክፍል ወሰዱትና አፍንጫው ላይ ሁለት አጫጭር ቱቦ ያለው ነገር ገጠሙለት፣ ቱቦዎቹን ከሹራብ ኮፍያው ጋር በመርፌ ቁልፍ አያያዟቸው። አንደኛው ጫፍ ከኦክስጅኑ ይመጣል። ሌላኛው ጫፍ ወርዶ አልጋው እግር ላይ በፕላስተር የታሰረ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር ተሰምሯል፣ 5፣ 6፣ 7 ይላል። ውሃው ያለማቋረጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። በቃ ይሄው ነው። ባብል ሲፓፕ ይሉታል። ቱቦው ውሃው ውስጥ 5 ሴንቲ ከገባ የልጁ ሳንባ ላይ የዛን ያህል ግፊት ይቆያል፣ ሲተነፍስ የአየር ከረጢቶቹ ሙሉ በሙሉ እንዳይከደኑ ይይዝለታል።

ጠዋት ያቺ አሁን ተሾመች የተባለችው ሀኪም መጣች። መጀመሪያ ልጁን አይደለም ያየችው፣ ጠርሙሱን ነው። አንድ ሁለቴ ቡልቅ ብሎ ቆም፣ ቡልቅ ብሎ ቆም ይል ነበር። "የት ነው የሚያመልጠው?" አለች። ጣቷን አፍንጫው ስር አስገብታ ቱቦውን አስተካከለች፣ አፉን ከአገጩ በቀስታ ገፋ አድርጋ ዘጋችለት፣ ያኔ ውሃው ያለማቋረጥ መፍላት ጀመረ። ከዛ ወደ ተማሪዎቹ ዞራ የጠየቀችው ጥያቄ ገርሞኝ ነው የያዝኩት። ስለ በሽታው አይደለም። "ሰሞኑን ከገቡት ውስጥ ቶሎ ከኦክስጅን የወጡት የማን ተረኛ ላይ የገቡት ናቸው? ምን አድርጎላቸው ነው?" አለች። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። መልስ ሳይመጣ አለፈች፣ ግን "ነገ እፈልገዋለሁ" ብላ ነው ያለፈችው።

የጠፋው አረፋ

መርፌው እና ጠርሙሱ ከየት እንደመጡ ሳነብ ደጋግሜ የማገኛት አንዲት ሴት አለች፣ ሜሪ ኤለን ኤቨሪ። (ከዚህ በኋላ የውጭ ታሪኩ ዓመተ ምህረት በፈረንጆቹ ነው።) በ1927 ኒው ጀርሲ ካምደን ተወለደች። ጎረቤታቸው ኤሚሊ ቤከን የምትባል የህፃናት ሀኪም ነበረች፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ህፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየቻት እሷ ነች። ጎረቤት ልጅን እንደሚቀርጽ እኛ ወሎ ላይ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብንም።

በ1952 ከጆንስ ሆፕኪንስ በሕክምና ተመረቀች፣ ብዙም ሳትቆይ ራሷ ሳንባ ነቀርሳ ያዛት። ስራ አቁማ፣ ተኝታ፣ መድኃኒት እየወሰደች። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዘመድ ያስታመመ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ ጣራ እያዩ የራስን ትንፋሽ ማዳመጥ ነው። ወደ ሳንባ ጥናት ያዞራት ያ ጊዜ ነው ይባላል፣ እኔም አምናለሁ፣ ሰው የታመመበትን አካል አይረሳም።

ከዛ ቦስተን ሄደች። በዛን ዘመን ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ህፃናት ልክ እንደ እህቴ ልጅ ያቃስቱ ነበር፣ በሁለት በሶስት ቀን ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ይሞታሉ። አስከሬናቸው ሲመረመር የአየር ከረጢቶቹ ውስጥ የሆነ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ይታያል፣ ስለዚ በሽታውን ሁሉም በሽፋኑ ስም ነበር የሚጠራው፣ ሃያላይን ሜምብሬን ብለው። ሀሳቡ በሙሉ ያ ሽፋን ላይ ነው፤ ምንድነው፣ ከየት መጣ፣ ህፃኑ የዋጠው ነገር ይሆን እንዴ።

ኤቨሪ ያየችው ሌላ ነገር ነው፣ እኔን እዚህ ጋ ነው የሚያቆመኝ። በሌላ ምክንያት የሞቱ ህፃናት ሳንባ ውስጥ አረፋ አለ። በዚህ በሽታ የሞቱት ሳንባ ውስጥ አረፋ የለም። በቃ። ሁሉም ሰው ያለውን ነገር፣ ሽፋኑን፣ እያየ ሳለ እሷ የሌለውን ጠየቀች። የሌለ ነገር እንዴት ይታያል? ብቻውን አይታይም፣ የሚታየው ከሌላው ጋር ሲተያይ ነው። ይሄኛው ልጅ ያለው ምን አለ፣ ያኛው ያጣው? እኔ ተማሪዎቼን ማይክሮስኮፕ ስር ያለውን ሳሉ እላለሁ እንጂ የሌለውን ፈልጉ ብያቸው አላውቅም፣ ካነበብኩት ወዲህ ግን እላቸዋለሁ።

ሜሪላንድ ውስጥ ጆን ክሌመንትስ የሚባል ተመራማሪ ከሳንባ የወጣ ፈሳሽ የገጽ ውጥረቱን፣ ማለትም የላይኛው ገጹ ምን ያህል ራሱን እንደሚሰበስብ፣ የሚለካበት ሚዛን ሰርቶ ነበር፣ ሄዳ አየችው፣ ተማረችው፣ ተመልሳ ከጄሪ ሚድ ጋር ሆና የህፃናቱን ሳንባ ለካች። በ1959 ውጤቱን አወጡት። በዚህ በሽታ የሞቱት ህፃናት ሳንባ የገጽ ውጥረትን የሚያላላው ነገር፣ ዛሬ ሰርፋክታንት የምንለው፣ ይጎድለዋል። እርጥብ ፌስታል ሁለት ጎኑ ተጣብቆ አልከፈት እንደሚለው ማለት ነው፣ የአየር ከረጢቱ ትንፋሽ በወጣ ቁጥር ይጣበቃል፣ ህፃኑ እያንዳንዷን ትንፋሽ እንደ መጀመሪያዋ ቀን እየታገለ መክፈት አለበት፣ በመጨረሻ ይደክመዋል። ሽፋኑ የጉዳቱ ውጤት ነበር እንጂ መነሻው አልነበረም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ክሌመንትስ ይሰራ የነበረው የአሜሪካ ጦር የኬሚካል ማዕከል ውስጥ ነው፣ ያው የሳንባ አረፋ ነገር እንግሊዝ ሀገር ላይ ያጠናው ፓትል የሚባለውም እንደዛው የመርዝ ጋዝ ምርምር ቦታ ነበር። ጋዝ ሳንባን እንዴት እንደሚገድል ለማወቅ በተከፈተ ቤት ነው የህፃናት መዳኛ የተጀመረው። በኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ሲመለስ አሸንጌ ሐይቅ ዳር የጣልያን አውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ያዘነበበት ሰራዊት የኛ አያቶች ነው። እና ይሄን ሳነብ ዝም ብሎ አላለፈልኝም፣ እንባም ደስታም ያልሆነ ነገር ነው የተሰማኝ።

ከግኝት እስከ አልጋ

ግኝቱ በ1959 ወጣ ብያለሁ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 1963፣ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ተወለደ፣ ወደ ሁለት ኪሎ ይመዝን ነበር። በዚሁ በሽታ በ39 ሰዓቱ ሞተ፣ ቦስተን ህፃናት ሆስፒታል፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው የኦክስጅን ክፍል ውስጥ ሁሉ አስገብተውት። የዓለም ኃያል ሰው ልጅ፣ የዓለም ጥሩ ሆስፒታል፣ ምክንያቱ ታውቆ። እውቀቱ አለ፣ ወደ አልጋው የሚያደርሰው ግን የለም።

መርፌው የመጣው ከበግ ነው። ኒውዚላንድ ላይ ግራሃም ሊጊንስ የሚባል የማህፀን ሀኪም ምጥ እንዴት እንደሚጀምር ለማወቅ ለበግ ፅንስ ኮርቲዞን የሚባለውን ዓይነት መድኃኒት ይሰጥ ነበር። በጣም ቀድሞ የተወለደ ግልገል፣ መተንፈስ የማይገባው፣ ተነፈሰ። በግ የሚያረባ የደላንታ ወይም የለጋምቦ ሰው ይሄን ከሰማ ወዲያው ነው ጉዱ የሚገባው፣ የጨነገፈች በግ ግልገል እንዲህ አይሆንም። ኤቨሪ ወሬው ደረሳት፣ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ራሷ በግልገሎች ላይ ሞከረችው፣ በ1970 መድኃኒቱ ሰርፋክታንቱን ቀድሞ እንደሚያመጣ አሳዩ። በ1972 ሊጊንስና ሮስ ሃዊ 282 እናቶች ላይ ያደረጉት ጥናት ታተመ፣ ሰራ። ታዲያ የአሜሪካ የጤና ተቋም ሀኪሞችን ሰብስቦ "ስጡ" ያለው መቼ ነው? 1994። ሀያ ሁለት ዓመት!

ሰርፋክታንቱ ራሱም እንደዛው። ጃፓናዊው ፉጂዋራ በ1980 ለ10 ህፃናት ከላም ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ሰጥቶ ውጤቱን አሳየ፣ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የተፈቀደው 1990 ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፣ እሺ፣ ግን እንቁላሉ እስኪሄድ ድረስ የሚሞቱት እነማን ናቸው?

ወደኛ ስንመጣ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረገና በ2019 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ፣ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ህፃናት ውስጥ ዋናው ገዳይ ይሄው የትንፋሽ በሽታ ሆኖ ተገኘ፣ 45 በመቶ። ከ1959 ግኝት በኋላ 60 ዓመት ቆይቶ። መርፌውም ቢሆን ዝም ብሎ የሚወጋ አይደለም። በ2015 የወጣ ጥናት ስድስት ሀገሮች ላይ መርፌውን በየጤና ተቋሙ ሲያስፋፉ ለትናንሾቹ ህፃናት ጥቅም አለመታየቱን፣ እንደውም በአጠቃላይ ሞት መጨመሩን አሳየ፣ ብዙ ሰው ደነገጠ። ከዛ የዓለም ጤና ድርጅት ባንግላዴሽ፣ ህንድ፣ ኬንያ፣ ናይጄሪያና ፓኪስታን ላይ በደንብ አድርጎ ደገመው፣ የእርግዝናው ሳምንት በአልትራሳውንድ እየተረጋገጠ፣ ልጁን የሚቀበል ክፍል ባለበት ሆስፒታል። በ2020 ወጣ፣ ለ25 እናቶች ከተሰጠ፣ ያለ መርፌው ይሞት የነበረ አንድ ልጅ ይተርፋል። ያው መርፌ ነው፣ ያው ዴክሳሜታሶን። ልዩነቱ ዙሪያው ነው፤ ሳምንቱን የሚቆጥር ሰው፣ ማታ የሚሰራ ኦክስጅን፣ ጠርሙሱን የሚያይ ነርስ። እነዚህን ደግሞ አንድ ሀኪም አልጋ አጠገብ ቆሞ ብቻውን አያመጣቸውም።

ወንበሩ

አሁን አክስቴ ወዳለችው ልመለስ። ኤቨሪም ተሾማለች። በ1969 ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የህፃናት ሕክምና ክፍልን መራች። በ1974 ቦስተን ህፃናት ሆስፒታል ዋና ሀኪም ሆነች፣ ያ ፓትሪክ የሞተበት ሆስፒታል ማለት ነው፣ በሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት የሕክምና ክፍል የመራች የመጀመሪያዋ ሴት። እስከ 1985 ቆየች። የመጀመሪያዋ ሴት መባል በሀገራችን ብዙ ጊዜ ለፎቶ ነው የሚጠቅመው፣ እኔ ግን ማወቅ የፈለግኩት ወንበሩ ላይ ሆና ምን አደረገች የሚለውን ነበር።

ያገኘሁት ይሄ ነው። በ1980ዎቹ ህፃናቱ በማሽን መተንፈሻ መትረፍ ጀምረዋል፣ ግን የተረፉት ብዙዎቹ ሳንባቸው ተጎድቶ ለወራት ከኦክስጅን መውጣት ያቅታቸዋል። ኤቨሪ ስምንት ትልልቅ የአሜሪካ ማዕከላትን አስተባበረች፤ ልጆቻችሁ ስንት ይተርፋሉ፣ ከተረፉት ስንቱ ሳንባው ይጎዳል፣ ቁጥራችሁን አምጡ። በ1987 ታተመ። መትረፉ ላይ ያን ያህል አይራራቁም። በሳንባ ጉዳቱ ግን አንዱ ማዕከል ከሁሉም ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ። እዛ ዋንግ የሚባል ሀኪም አለ፣ ልጆቹን ቶሎ ማሽን ላይ አይጥልም፣ ከተወለዱ ጀምሮ አፍንጫቸው ላይ አጭር ቱቦ አድርጎ ሌላኛውን ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይከታል።

ይሄን ሳነብ ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ እውነት። ጠርሙሱ! የእህቴ ልጅ አልጋ እግር ላይ በፕላስተር የታሰረው።

ነገሩን አስቡት። የሃርቫርድ ትልቅ ወንበር የነበራት፣ የበሽታውን ምክንያት ራሷ ያገኘች፣ በዓለም ላይ ስለ ህፃን ሳንባ ከሷ በላይ የሚጠየቅ ሰው የሌለ ሴት ነች። እንዲህ ያለ ሰው "እኔ እንዳልኩት አድርጉ" ቢል ማን ይከራከረዋል? እሷ ያደረገችው "የማን ልጆች ይሻላቸዋል፣ ምን አድርጎላቸው ነው?" ብሎ መጠየቅ ነው፣ መልሱ የሌላ ሰው ቤት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ በስሟ አሳተመችው። በ1959 የአንዱን ህፃን ሳንባ ከሌላው ጋር አስተያይታ አረፋው መጥፋቱን አየች፣ በ1987 የአንዱን ሆስፒታል ከሌላው ጋር አስተያየች። ያው ጥያቄ ነው። የተለወጠው ስፋቱ ነው፣ ሁለተኛውን ደግሞ ወንበር የሌለው ሰው ሊጠይቀው አይችልም ነበር፤ ስምንት ሆስፒታል ገመናውን ለአንድ ተራ ሀኪም አያወጣም።

ሀኪማችን ያን ጠዋት ተማሪዎቿን የጠየቀችውን ለምን እንደያዝኩት ያኔ ነው የገባኝ። "የማን ተረኛ ላይ የገቡት ናቸው ቶሎ የወጡት?" ማለቷ ይሄው ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሳምንት ልጆች ላይ። ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሲሾም ከህፃናቱ ራቀ ማለት አይደለም፣ ጥያቄው ከአንድ ክፍል ወጥቶ ሰፋ ማለት ነው። ጥያቄውን ጥሎ የሚሾም ሰው አለ፣ ብዙ ነው፣ አክስቴ ያየችው እነሱን ነው፣ እውነቷን ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን መማሩ ከተጠመጠመ በኋላ ይቁም አላሉም።

ኤቨሪ ሌላም ነገር አድርጋለች፣ በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1990፣ ሰርፋክታንቱ በተፈቀደበት ዓመት፣ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ትልቁ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ተቅማጥ ጻፈች፤ ጨውና ስኳር በውሃ፣ እኛ ለምለም የምንለው ኦ.አር.ኤስ፣ ሀብታም ሀገር ውስጥ ለምን ተናቀ ብላ። የሳንባዋ ሴት ስለ ተቅማጥ። ውድ መድኃኒት በሷ ግኝት ላይ ተሰርቶ ገበያ በወጣበት ዓመት ስለ ርካሹ ነገር ተከራከረች ማለት ነው። በ1991 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ወሰደች፣ በ2011 በ84 ዓመቷ አረፈች።

ከተሾመችው ሀኪም የምፈልገው

ሰርፋክታንት ውድ ነው፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፣ ወደ ሳንባ የሚያስገባው የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል፣ በሀገራችን እንደልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። መርፌው፣ ጠርሙሱ፣ እናት ልጇን ገላ ለገላ ማቀፏ ግን ይቻላል። በኛ አቆጣጠር በ2014ቱ ጦርነት የወሎ ሆስፒታሎች ተዘርፈው ግድግዳ ብቻ ሲቀሩ አይተናል። ጠርሙስና ቱቦ ግን የሚያውቅ ሰው ካለ በአንድ ጠዋት ይሰራል። የሚያውቀውን ሰው የሚያፈራው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ነው፣ ስለዚ ትምህርት ቤቱን ማን እንደሚመራው የአክስቴም ጉዳይ ነው፣ የወረባቦዋም እናት ጉዳይ ነው።

እና ሰው ሁሉ "ወንበር ወሰዳት" ሲል እኔ የምለው ይሄን ነው። ዶክተር፣ እንኳን ደስ ያለሽ። አደራ፣ በሳምንት አንድ ጠዋት እንኳን ክፍሉን አትተዪው፣ ተማሪ ጠርሙስ ማየት የሚማረው ጠርሙስ ከሚያይ ሰው ነው፣ ከስላይድ አይደለም። ተማሪዎችሽን ደግሞ ወልዲያ፣ ኮምቦልቻ፣ አቀስታ፣ መካነ ሰላም ላኪያቸው። ሰባት ወር ላይ ምጥ ከመጣባት እናት ውስጥ መርፌውን በጊዜው ያገኘችው ስንቷ ነች፣ ስንቱ ልጅ ሲቀበሉት ሙቀቱ ልክ ነበር፣ የደሴ ብርድ ሰባት ወር ልጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ማታ ኦክስጅን ያለቀው ስንት ሌሊት ነው፣ ይቁጠሩት። ከዛ ሁሉንም ሆስፒታል አንድ ቦታ ሰብስቢና የማን ልጆች እንደተሻላቸው፣ ምን እንዳደረጉላቸው ይነጋገሩበት። የተሻለው ትንሹ ሆስፒታል ሆኖ ከተገኘ ትልቁ ሄዶ ይማር። ያሰባሰቡትን ደግሞ አሳትሙት፣ በአማርኛም ጭምር፣ አዋላጆቹ እንዲያነቡት። ይሄን ለመጠየቅ ስልጣን ያስፈልጋል፣ አሁን አለሽ።